አውራጅና ተቀባይ

ክብ ሠርቶ የሚጨፍር ሕዝብ ሁሉ፣ በየትኛውም አገር ይኑር፣ አንድ ጥያቄ መመለስ ግድ ይለዋል። ማን ይጠራል? ማንስ ይቀበላል? አንዱ ቀድሞ ካላወረደ ዘፈኑ አይነሣም፤ ሌሎቹ ካልተቀበሉት ደግሞ ያወረደው ሰው ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ይቀራል። እኛ ይህን ከጥንት ስለምናውቀው ስም አውጥተንለታል፤ የሚጠራውን አውራጅ፣ የሚመልሱትን ተቀባይ እንላለን። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የአገሬ ዘፈን አይደለም። ከአትላንቲክ ማዶ፣ ከኩባ ደሴት መጥቶ የእኛኑ ጥያቄ በሌላ ልሳን የሚጠይቅ የክብ ጭፈራ ነው።

ኩባውያን «ሩዌዳ ዴ ካሲኖ» ይሉታል። «ሩዌዳ» መንኰራኵር ማለት ነው። «ካሲኖ» ሲባል ግን አንባቢ የቁማር ቤት እንዳይመስለው። ስሙ የመጣው በሃቫና ከተማ ከነበረ «ካሲኖ ዴፖርቲቮ» ከተባለ የስፖርትና የመዝናኛ ክበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የሃቫና ወጣቶች በእንዲህ ዓይነት ክበቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ክብ ይሠሩ፣ በአንድ ሰው ጥሪም ጥንዳቸውን ይለዋወጡ ጀመር። የክበቡ ስም ለጭፈራው ስም ሆኖ ቀረ።

የዚያ ዘመን የሃቫና ክበቦች በር ለሁሉም ክፍት አልነበረም። በገንዘብም በቆዳ ቀለምም ይለዩ ነበር። የሙዚቃው ሥር ከአፍሪቃ በባርነት ተግዘው የመጡ ሰዎች ከበሮ ሆኖ ሳለ፣ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ሙዚቃው ከሚመታባቸው ከብዙዎቹ አዳራሾች ውጭ ይቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 አብዮቱ ካሸነፈ በኋላ የግል ክበቦቹ ተወረሱ፤ በሮቹም ተከፈቱ። ጭፈራውም ከአዳራሽ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኩባ ቴሌቪዥን የተጀመረው «ፓራ ባይላር» የተባለው የጭፈራ ውድድር ደግሞ ካሲኖን በየቤቱ አስገባው። እንግዲህ ይህ ክብ ጥቂቶች ብቻ ከገቡበት ግቢ ተነሥቶ የሕዝብ የሆነ ክብ ነው። ይህን ታሪኩን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጭፈራው አካሄድ እንዲህ ነው። ጥንዶች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት መነሻ እርምጃ ይረግጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ እርሱም እንደ ሌሎቹ እየጨፈረ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ በስሙ ይጠራል። «ዳሜ» ካለ «ስጠኝ» ማለቱ ነውና ወንዶቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት የያዟትን ለቀው ወደ ቀጣይዋ ይሻገራሉ። «ዲሌ ኬ ኖ» ካለ «አይሆንም በላት» ማለቱ ነው። «ሶምብሬሮ» ባርኔጣ ነው፤ ክንዶች በራስ ላይ አልፈው እንደ ባርኔጣ ይደፋሉ። «ሴቴንታ» ሰባ ቍጥር ነው። «ኤንቹፍላ» የኤሌክትሪክ ገመድ ሶኬት ላይ ከመሰካት የመጣ ቃል ነው። «ፍላይ» ሲባል ደግሞ ጨፋሪዎቹ ወደ ሰማይ የተመታች የቤዝቦል ኳስ እንደሚቀልቡ ሁሉ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያጨበጭባሉ። ስሞቹ ሁሉ ከቤት፣ ከመንገድና ከጨዋታ ሜዳ የተለቀሙ ናቸው። መዝገበ ቃላቱን የጻፈው ሊቅ ሳይሆን ሰፈርተኛው ነው።

ይህን ጥበብ ያስተማረን ሰው ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል። ስሙን አልጽፍም፤ ዝናም አይሻም። ስፓኒሽኛ ሲናገር ፊቱ በሠላሳ ዓመት ያንሳል። እንዲህ ያለ ሰው በኢትዮጵያ ምድር እንዴት ሊገኝ ቻለ ለሚል፣ መልሱ ያለው በሙዚቃ ታሪክ ሳይሆን በጦርነት ታሪክ ውስጥ ነው።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። በ1970 ዓ.ም. ከ10,000 የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰለፉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች፤ ካራማራ የተባለው ተራራም የድል ስም ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የሚታየው የትግላችን ሐውልት በዚያ ጦርነት የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ያስባል። የመጨረሻዎቹ የኩባ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1989 አገራቸው ገቡ። ጦርነቱ ለአንዱ ወገን ድል፣ ለሌላው ወገን ኀዘን ነበር፤ ለሁለቱም ወገን ልጆች ግን የወላጅ አልባነት ምንጭ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተጓዙ። ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ በርካቶች ነበሩባቸው። የወረዱት ከዋናዋ ደሴት በስተ ደቡብ በምትገኝ ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ይህች ደሴት የጥድ ደሴት ትባል ነበር፤ ፊደል ካስትሮም ከአብዮቱ በፊት የታሰረባት ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣቶች ደሴት ተብላ ስሟ ተለወጠ። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ይኖሩባት ነበር። ግማሹን ቀን ይማራሉ፤ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት ማሳ ይሠራሉ። ማታ ደግሞ ከበሮ አለ።

እስቲ አስቡት። አባቱን ቀብሮ፣ ወይም ሳይቀብር፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደ የአሥር ዓመት ልጅ፤ የማያውቀው ቋንቋ በሚነገርበት አገር ክብ ውስጥ ቆሞ የመጀመሪያዋን የባዕድ ቃል በእግሩ ሲማራት። «ዳሜ» ሲባል ወደ ቀኝ፣ «አዲዮስ» ሲባል እጅ መልቀቅ። ትርጉሙን ከመዝገብ ሳይሆን ከጎኑ ከቆመው ልጅ እርምጃ ይረዳዋል። መምህራችን ይህን ሲተርክልን ቃሉ አጭር ናት። በክቡ ውስጥ ማንም ብቻውን አይቆምም ነበር ይላል፤ ይኸው ነው። ለወላጅ አልባ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረዋል?

በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት ተለወጠ። በዚያው ሰሞን ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ኩባም ከባድ የችግር ዘመን ውስጥ ገባች። ከልጆቹ ብዙዎቹ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው ተመለሱ። በዚያው የቀሩም ነበሩ። የተመለሱት ያገኙት አገር ትተውት የሄዱትን አይመስልም፤ የላካቸው መንግሥት የለም፤ የተማሩበት ቋንቋ በገበያ አይነገርም። ብዙዎቹ ሻንጣቸው ውስጥ ከዲፕሎማቸው ጋር ይዘውት የተመለሱት ይህንኑ ክብ ነው።

በእርግጥ የኩባ ምት ከእነርሱም በፊት አዲስ አበባን ያውቃታል። በንጉሡ ዘመን የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ማምቦና ቻቻቻ ይጫወቱ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ባወጣቸው «አፍሮ ላቲን ሶል» በተባሉት ሁለት አልበሞቹ የኢትዮጵያን ቅኝት ከላቲን ከበሮ ጋር አጋብቷል፤ ኋላም ኮንጋ የተባለውን ከበሮ ወደ አገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ አስገብቷል። ይህ ግን በመድረክ ላይ የሆነ ነው። ደሴቲቱ ላይ ያደጉት ልጆች ያመጡት ከመድረኩ ታች ያለውን፣ ሰው ከሰው ጋር የሚያደርገውን ነው።

እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። አብረውኝ የሚማሩት ከሰበታና ከሱሉልታ የሚመጡ ናቸው። ቡራዩ በምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ፤ ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ፤ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ናት። ሦስቱም አዲስ አበባን ከበዋት የተቀመጡ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ከቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ ይመጣል። በሱሉልታ ሜዳ ጎሕ ሳይቀድ ሯጮች ሲያልፉ ይታያሉ። ሰበታ ደግሞ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ናት። እንግዲህ እኛም በክብ የተቀመጠ ከተማ ሰዎች ነን።

መጥራት ስማር አስቀድሞ የገባኝ ነገር ጥበቡ በድምፅ ጉልበት አለመሆኑ ነው። ጥበቡ ያለው በጊዜ ላይ ነው። የሳልሳ እርምጃ በስምንት ይቈጠራል፤ አንድ ሁለት ሦስት ተረግጦ በአራት ይታረፋል፣ አምስት ስድስት ሰባት ተረግጦ በስምንት ይታረፋል። እኛ ያደግነው ደግሞ በችክችካ ነው፤ በስድስት የሚዞር፣ ትከሻን የሚያስነሣ፣ ዕረፍት የማያውቅ ምት። ስለዚህ ሐበሻ ካሲኖ ሲማር የሚከብደው እርምጃው ሳይሆን ዕረፍቱ ነው። አውራጁም ጥሪውን ማድረስ ያለበት በስምንቱ የኋለኛ ግማሽ ላይ፣ አዲሱ «አንድ» ሳይመጣ ነው። «አንድ» ላይ ቢጠራ ዘግይቷል፤ ግማሹ ክብ ሄዷል፣ ግማሹ ቆሟል። እጅግ ቀድሞ ቢጠራም ሰሚው ይረሳል። መምህራችን ስለዚህ ሲያስረዳ፣ ጠሪ ሰውን ማስደንገጥ የለበትም ይላል፤ የሚጠራው ሰው ለመታዘዝ ብቻ ሳይሆን ለመዘጋጀትም ጊዜ ይገባዋልና።

ሁለተኛው ሕግ አውራጁ የሚጠራው ክቡ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚለው ነው። አንድ ሰው መቶ ጥሪ ቢያውቅ፣ በክቡ ውስጥ ያሉት አሥር ብቻ ከሆነ የሚያውቁት፣ የእርሱም ዕውቀት ለዚያች ሌሊት አሥር ነው። ከሁሉም ያነሰ የሚያውቀው ሰው የክቡን ወሰን ይወስናል። ይህ ለጎበዝ ጨፋሪ መራራ ሕግ ነው። መፍትሔውም አንድ ብቻ ነው፤ ማስተማር።

ሦስተኛው ሕግ አውራጁም ይጨፍራል የሚለው ነው። ከክቡ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ዳሜ» የሚል ሰው የለም። ሌላውን ወደ ቀጣዩ ጥንድ ሲልክ እርሱም ይሻገራል። ያዘዘው ነገር ከባድ ከሆነ የሚከብደው በራሱም ጕልበት ላይ ነው።

እነዚህን ሕጎች ስሰማ እንግዳ አልሆኑብኝም። በቡሄ ሰሞን ሆያ ሆዬ ያልጨፈረ የሸዋ ልጅ ማን አለ? ዱላችንን መሬት እየመታን ከቤት ቤት ስንዞር ከመካከላችን አንዱ ያወርድ ነበር። ግጥም የሚያውቅ፣ የባለቤቱን ስም አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ ሙልሙሉ ከመጣ በኋላም አመስግኖ የሚያወጣን እርሱ ነው። እኛ ደግሞ በአንዲት ፊደል እንቀበለዋለን። በሱሉልታና በሰበታ ገጠር የኦሮሞ ወጣቶች በረገዳ ጭፈራ ዱላቸውን ይዘው ፊት ለፊት ሲሰለፉ እንዲሁ አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ እግሩም መሬቱን ይረግጣል። ሽማግሌ ሲመርቅም ጉባኤው ቃሉን እየተቀበለ ያጸናለታል፤ ያልተቀበሉት ምርቃት ሜዳ ላይ የወደቀ ነው። በማኅሌትም ቢሆን፣ ቅዱሱን ከዓለማዊው ማነጻጸሬ ሳይሆን የሥርዓቱን ዕድሜ ለማሳየት ያህል፣ መሪጌታው ሲያነሣ ቀኝና ግራ ተቀብለው ያደርሳሉ። እንግዲህ የኩባው መንኰራኵር ደጃችን ሲደርስ ያገኘን ባዶ እጃችንን አይደለም።

ነገር ግን «ሆ» የምትለው ፊደል ሁለት ፊት አላት። በቡሄ ማታ የልጆች ደስታ ናት። «ሕዝቡ ሆ ብሎ ወጣ» ስንል ግን ሌላ ነገር ትሆናለች። እነዚህ ሦስት ከተሞች ይህን ሁለተኛ ፊቷን ያውቁታል። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን የተቀሰቀሰበት ተቃውሞ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰርዟል እስኪባል ድረስና ከዚያም በኋላ፣ የብዙ ወጣቶችን ሕይወት አስከፍሏል። መሬቱን ለከተማው መስፋት ያጣ ገበሬ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ የሰማው ጠሪ ግን ዘገየ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ቡራዩ ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ያን ጊዜም የሚጠራ ነበር፤ የሚቀበልም ነበር።

በክብና በመንጋ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሁለቱም ጋ ጠሪ አለ፤ ሁለቱም ጋ ሰው በአንድ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። በመንጋ ውስጥ ግን ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። በክብ ውስጥ የሚያየው ፊት ነው። በመንጋ ውስጥ ጠሪው ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ በክብ ውስጥ ስሙም ፊቱም ይታወቃል፤ ካጠፋም በዚያው ይጠየቃል። መንጋ ወደ አንድ አቅጣጫ ነጕዶ ያልቃል። ክብ ግን ዞሮ ይመለሳል፤ የለቀቅሃት እጅ ከጥቂት «ዳሜ» በኋላ ተመልሳ ትመጣለች፤ ስለዚህም ማንንም ገፍትረህ አታልፍም፤ ነገ ታገኘዋለህና።

ከቋንቋም ተጋፍጠናል። ጥሪዎቹን ወደ አማርኛ እንመልሳቸው ያለ ነበር፤ ወደ ኦሮምኛ ይመለሱ ያለም ነበር። ሦስተኛው ወገን ደግሞ የስፓኒሹ ስም የማናችንም ስላልሆነ እንዲያው ይቅር አለ። ለጥቂት ሳምንታት ይህ ሦስተኛው መንገድ ሰላም መሰለን። መምህራችን ግን ሌላ ነገር አሳሰበን። የሃቫና ሰፈርተኛ ለጭፈራው ስም ሲያወጣለት ባርኔጣውን፣ ሶኬቱንና ኳሱን ነው የጠራው፤ እናንተ የራሳችሁን ቤት ዕቃ ፈርታችሁ በሰው ዕቃ ስም እስከ መቼ ትጠራራላችሁ አለን። አሁን በየተራ እንጠራለን። የሱሉልታው ልጅ «ናፍ ኬኒ» ይላል፤ የሰበታዋ ልጅ «ስጠኝ» ትላለች፤ አንዳንዱም በቀድሞው «ዳሜ» ይጸናል። ሕጉ አንድ ነው፤ ቃሉን ከመጥራትህ በፊት ክቡን አስተምረው። ሦስቱ ቃላት አንድ ትርጉም አላቸው፤ ሦስቱም ሲጠሩ ሁሉም ወደ ቀጣዩ ይሻገራል።

የሰበታዋ ተማሪ ከመርሐ ዕውራን የተማረች ናት። ሙዚቃው ሲበረታ ጠሪዎች በእጅ ምልክት መጥራት የኩባም ልማድ ነው፤ ባርኔጣውን ለመጥራት እጅን በራስ ላይ ማድረግ ይበቃል። እርሷ በክቡ ውስጥ ስትቆም ግን ምልክት አይሠራም። ስለዚህ ሙዚቃውን ዝቅ እናደርጋለን፤ ጠሪውም ቃሉን አጥርቶ ይናገራል። እርሷ ስትገባ የክቡ ሁሉ ጥሪ ይጠራል፤ የማንም እርምጃ አይደናገርም። ከሁላችን ይልቅ በጥሞና የምትሰማ እርሷ በመሆኗም፣ ተራዋ ሲደርስ የምትጠራው ጥሪ ሁልጊዜ ጊዜውን ይጠብቃል። ለአንዱ ተብሎ የተስተካከለው ለሁሉም ሲጠቅም ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ቀደም ብዬ አንባቢ ልብ ይበልልኝ ያልሁት ነገር ነበር። ይህ ጭፈራ በር በተዘጋበት ግቢ ተወልዶ በሩ ሲከፈት የሕዝብ ሆኗል። ከዚያም በጦርነት ምክንያት ባሕር ተሻግሮ ለወላጅ አልባ ልጆች ቤት ሆኗል። ከዚያም በእነዚሁ ልጆች እግር ወደ እኛ መጥቷል። በየደረጃው ያዳነው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ወደ ክቡ ሲመጣ ከነበሩት ጥንዶች መካከል ክፍተት መስጠታቸው። ክብ ሲሰፋ አይበጠስም፤ መካከሉ ብቻ ይሰፋል።

አዲስ አበባ እየሰፋች ነው፤ በዙሪያዋ ያሉትም እየጠበቡም እየሰፉም ነው። ማን ይጠራል የሚለው ጥያቄ በየምርጫውና በየስብሰባው ይነሣል፤ መነሣቱም መልካም ነው። እኔ ግን ከጠሪው ማንነት አስቀድሜ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ጥሪው ሰው ሊዘጋጅ በሚችልበት ጊዜ ደረሰ ወይ? ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል ወይ? ጠሪውስ አብሮ ይጨፍራል ወይ? ለሦስቱም አዎን የሚል ከተገኘ፣ ከየትም ይምጣ፣ በየትኛውም ልሳን ይጥራ፣ ተቀባይ አያጣም።